ሁለተኛ ማርሽ

ግንቦት ነው ሮቢት ላይ፤ ሌሊቱም አይበርድ፤
የጣርማበር ጉም እንደሁ ቁልቁል አይወርድ።
ሌሊት በስድስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁ፤
«ወደቀ» ይሉኛል፤ ስንተኛው ነው? ረሳሁ።

እትዬ ወርቅያንሳል፣ የቀበሌ ሁለት፣
አዲስ ቤት ያሠሩ ከሽንኩርት እርሻው ፊት፤
መኝታ ቤታቸው ነጭ ቬንትሌተር አለ፣
ባለ ሦስት ክንፍ፣ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለ።
ልጃቸው ከዱባይ በሻንጣ የላከችው
ብሬከርም አለ፤ ጠባዩ ልዩ ነው።
ሌላው የሚወድቀው ሸክም ሲበዛበት
ወይ ፌዝና ኒውትራል ሲላተሙበት፤
ይኼኛው ግን ያሸታል፤ ሽቦ ከሽቦ ሸሽቶ
በክፍተቱ መሀል ብልጭታ ሲዘል አይቶ
ቀጭ! ይላል፤ ይወድቃል፤ ቤቱ ይጨልማል፤
ክንፉ እያዘገመ፣ እያዘገመ ይቆማል።

እኔ ምን አላልኩም! «የዱባይ ዕቃ ነው፣
ካገራችን መብራት ጠባዩ አይገጥመው»፤
«መብራት ኃይል ነው» አልኩ፣ «የቮልቴጅ መዋዠቅ»፤
ወፍጮውን ከሰስኩት ጎረቤት ሳይጠየቅ።
ማብሪያውን ቀየርኩት፣ መቆጣጠሪያውንም፤
ስድስት መቶ ብር ወሰድኩ፤ መውደቁ አልቀረም።
በአራተኛው ጊዜ ትዕግሥቴም አለቀ፤
«ተራውን ልግጠም» አልኩ፣ «ይኼስ አስጨነቀ።»
የማይወድቅ ብሬከር፣ እንዲህ ብዬ ነበር፣
ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ፤ ዋጋው ሦስት መቶ ብር።

የጣርማበርን ዋሻ በጭጋግ በዶፍ ቀን
አርባ ዓመት አውቶቡስ ያሳለፉት ሰው ግን፣
ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እግራቸው ታሽጎ በጀሶ፣
ጣሪያውን ሲያጠኑ ከርመው (ሌላ ወዴትስ ተደርሶ?)
«ቆይ» አሉኝ። «አንድ ላይ ደህና ነው፤ ሦስት ላይ ደህና ነው፤
ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው የሚያስነጥሰው።
ክንፉ ይንገዳገዳል፤ አናቱ ይነቃነቃል፤
ስማ፤ መጀመሪያ ጥዝዝ፤ ቀጥሎ ይወድቃል።
ሞተር አይዋሽም፣ ልጄ።
አንተን እንጃ።»

ሁለት ላይ አዞርኩት። ሙሄ ትንፋሹን ዋጠ።
ጥዝዝ፤ ቀጭ። ጨለማው መጥቶ ተቀመጠ።

በስልክ መብራት ወጥቼ ኮፍያውን ብፈታው፣
ሰማያዊው ሽቦ ሞርሴቶ እንኳ የለው፤
በጣት የተጣመረ፣ ሁለት ዙር፣ በችኮላ፤
ጫፉ ጠቁሯል እንደ ክብሪት፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ላላ።
በላዩም ቀይ ናስትሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ።
ሮቢት ላይ ናስትሮ እንዲያ የሚያጥፍ
አንድ ሰው ነው።

የከተራ ዕለት ነበር፤ ታቦት ሲወርድ ወደ ወንዙ
እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤ ጓደኞቼ ሲጓዙ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ ወርቅያንሳል ከታች።
«አይጥ ናት» አልኩ፤ ውሸቷ ካፌ አመለጠች።
ጋሽ ሸዋንግዛው ሳቁ፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ፦
«ናስትሮ የምትጠቀልል፣ ካቻቢቴ ያላት አይጥ!»

ሞርሴቶ ገጠምኩ፤ አጠበቅሁ፤ አናቱን አሰርኩ፤
ስድስት መቶውን ብር ትራስ ሥር አኖርኩ።
ሁለት ላይ አዞርነው። ዞረ። ዞረ። ዞረ።
ያ ስናማው የከረመ ብሬከር ቆሞ አደረ።

እኔ ግን አልተኛሁም።
«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ለሰው ይሆን ይሆናል፤
ጣሪያ ውስጥ ያለ ሽቦ ግን ዝም ብሎ ይነቅዛል።
በጀርባዬ ሆኜ ቆጠርኩ፦ የመምህር ላቀው ቤት፣
የዘሙ ሱቅ፣ የፋርማሲው ፎቅ፣ የክሊኒኩ ክፍል ስድስት፤
በዚያች ከተራ ሰሞን እጄ የነካው ሁሉ፤
ብሬከራቸው ተራ ነው፤ ሁሉም ዝም ይላሉ።
አንዳቸውም አልደወሉ። አንድ ቀን እንኳ።

ጎህ ሳይቀድ ሙሄን ቀሰቀስኩት፤
«መሰላሉን አምጣ» አልኩት።
«ማን ደወለ?» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ።
«ማንም» አልኩት።