የድንች ዱቄት በረዶ

ከተማዬ ዉች ናት፤ በፖላንዶች አፍ ጀልባ ማለት ነው፤
ወንዟ ግን ከአስፋልት ሥር ተቀብሮ ቀርቷል፤
እኔ በሐዲድ ላይ ትራም እቀዝፋለሁ፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደወሌ ይጮኻል።
ጥር ነው። በረዶው ቅንድብ ላይ ይተኛል፤
ተሳፋሪው ሁሉ አገጩን ቀብሮ
ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ሳሉ ያስባል፤
እኔ ብቻ፣ ዘንጉን ጨብጬ፣
ስለታሸገ ፖስታ።

ሐሙስ ዕለት ነበር ዕጩዎቹ የተጠሩት፤
ስልኬ እንደ ደንቡ ጠፍቶ ኪሴ ገብቷል፤
አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ፣ አንዱንም ሳልዘል፣
ሽማግሌ ሳወርድ፣ የሕፃን ጋሪ ሳሳፍር፣
ዓለም ሁሉ አውቆት እኔ ብቻ ሳላውቅ፣
ልክ እንደ ተማሪ፣ ውጤት ተለጥፎ
በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ።

መጨረሻው ፌርማታ ጓንቴን በጥርሴ ስቤ
በጣቴ አነበብኩ፣ ከላይ ወደ ታች፤
ለትልልቆቹ አልቸኮልኩም፤ ይቆዩ።
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ከግርጌው አጠገብ
"ድምፅ" የምትል ቃል።
አምስት ፊልም። አምስቱንም አይቻለሁ፤
አንዱን ሁለት ጊዜ፣
ሁለተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ።

ሮኽ ይስቅብኛል፣ የስድስት ቁጥሩ ሾፌር።
እሱ የሚወራረደው በቀሚስ ነው፤
"ያቺ ተዋናይ አረንጓዴ ከለበሰች፣ አለቀ" ይላል።
መያዣችን አንድ ጠርሙስ እንጉዳይ፣ በኮምጣጤ የተነከረ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ነው የበላው።
"ቦጉሚዋ፣" ይለኛል፣ "ሰው ሻይ ሊጥድ
በሚነሳበት ሽልማት ላይ ምን አስፈጠጠሽ?"

አልነገርኩትም።

ወንድሜ ቴዎፊል በረዶ ይሠራ ነበር።
እውነተኛው በረዶ ማይክሮፎን ፊት ያፍራል፤
ስለዚህ በቆዳ ከረጢት የድንች ዱቄት ሞልቶ
በጨለማ ክፍል ስክሪኑን እያየ
ጭብጥ... ልቅቅ... ጭብጥ...
ወታደሩ ከግንባር ወደ ቤቱ ይመጣል፤
እግሩ የወንድሜ መዳፍ ነው።
የፈረሱም ኮቴ፣ የሙሽራዋም ሐር፣
አጥንት ሲሰበርም (እሱስ ካሮት ነበር)።

ስሙ የሚመጣው ሰው ኮቱን ሲለብስ፣
ወንበር ሲንኳኳ፣ መብራት ሲመለስ፣
ከምግብ አቅራቢው በታች፣ ከሾፌሮቹ በላይ።
እኔና እናቴ ብቻ ቁጭ እንላለን።
መነጽሯን እስክታወጣ፣ እስክትጠርግ ድረስ
"አለፈ?"
"አለፈ።"
ሌላ ጊዜ እንዲህ እንባባል ነበር፤
በኋላ በአንድ መጋቢት፣ ሐኪሙም ያንኑ ቃል ተናገረ።

ዘንድሮ ጊዜ አጠረ አሉ፤
የድምፁ ሽልማት በቴሌቪዥን አይታይም፤
ማስታወቂያ መሀል፣ ካሜራው ዞር ሲል ይሰጣል።
ሮኽ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

ይሁን።
አርባ አንድ ቀን ቀርቷል።
ለማግስቱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤
ምክንያት በሚለው ላይ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብዬ ሞላሁ።
ያን ሌሊት፣ የሳሙናው ማስታወቂያ ሲጀምር፣
ሴትየዋ ነጭ ሸሚዝ ስትዘረጋልን፣
ድምፁን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ
የቴዎፊልን ከረጢት ከመሳቢያው አወጣለሁ።
ዱቄቱ ጠጥሮ ይሆን? አላውቅም፤ አሁን አልነካውም።
አሸናፊው ማንም ይሁን ማን፣
ወደ መድረኩ በእግሩ መሄዱ አይቀርም፤
የሚያስኬደው ሰው ያስፈልገዋል።

ዛሬ ግን ገና ጥር ነው፤ በሩን ልዘጋ ነው፤
ሰዓቱ ሂጂ ይላል፣ ከኋላዬ መኪና ያጮኻል።
በጎን መስታወቱ አንድ ሰው እየሮጠ
ቦርሳውን አቅፎ ከጨለማው ይወጣል።
መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ።
በረዶው ከጫማው ሥር...
ትንሽ ልቆይለት።