ሙላትና ጉድለት

መስከረም ሲገባ፣ ፔኒሽ ወደብ ዳር፣
ሰርዲን የጫነ ጀልባ ሲያራግፍ ሲያድር፣
እኔ ዙልሚራ፣ የእርሳስና የደብተር ነጋዴዋ፣
የሱቄን መስታወት እወለውላለሁ፤ ጨው ነው ዘወትር ዕዳዋ።

ወላጅ ይመጣል፣ ከትምህርት ቤት ዝርዝር ይዞ፣
ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችውን አንዲት መስመር ሲያነብ ተክዞ፦
«ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር።»
ደብተር አይደል፣ ማስመሪያ አይደል፤ ስንቱን ቤት አናግታለች ያቺ መስመር።

ትናንት ሴሌሽቲኖ መጣ፣ ልጁን ኢሪያን አስከትሎ፣
እጅጌው ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደ ተረሳ ሳንቲም ተንጠልጥሎ።
«ሒሳብ ነው» አለች ልጅቷ። «ሒሳቡስ?» አለ አባቷ።
አንዱ ቃል ለእሱ ዕዳ ነው፣ ለእሷ ደግሞ ትምህርቷ።

አንደኛውን አወጣሁ፤ ባለ ቀለም ነው፣ እንደ ስልክ የሚያበራ፣
እንደ ስልክ በገመድ የሚሞላ፣ ነጭ፣ ስስ፣ የሚያኮራ፤
መቶ አርባ ዩሮ። ሴሌሽቲኖ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣
የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ ይመስል ትንፋሹን አሳጠረ።

ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ፤ አራት ባትሪ ይበላል፣
ፈተና ላይ ይፈቀዳል፣ ሥራውንም ይችላል፤
ሰማንያ ዘጠኝ። «ዘጠኟ ለምንድን ናት?» አለኝ።
እኔም አላውቅ። ከሊዝበን ነው እንዲህ ተለጥፎ የመጣልኝ።

ሦስተኛውን ላሳይ አላሳይ እያልኩ፣ እጄ መሳቢያው ላይ ቆየ።
ያገለገለ ነው፤ ክዳኑ የጠፋ፣
ጀርባው ላይ በመርፌ ጫፍ «ቫስኩ» ተብሎ የተጫረበት፣
ስክሪኑ መካከል፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር የሞተችበት፤
ሃያ አምስት።

ኢሪያ ዝም አለች። ዝምታዋን ዐወቅሁት፤
የእህቴን ጫማ በተራዬ ስጫማ ያን ጊዜ እኔም የዋጥኩት።
ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደያዘ ይታወቃል፤
ልጅ ሁሉ የራሱን ቁልፍ ሳይነካ የጎረቤቱን ስክሪን ያያል።

«ይሠራል?» አለ ሴሌሽቲኖ፣ እንደ ጀልባ ሞተር ጆሮውን አስጠግቶ።
ባትሪ ከተትኩ። ስክሪኑ ነቃ፣ እንደ ሽማግሌ ዘግይቶ፣
ቫስኩ የሚሉት ልጅ ሳይደመስሰው የቀረ ግራፍ ወጣ፣ ተዘርግቶ፦
ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ዝቅ።
«ሳይን ነው» አለች ኢሪያ፤ «ገና ነን እኛ፤ ለከርሞ ነው የሚጠየቅ።»

አባትዬው ጎንበስ አለ። መነጽሩን ከኪሱ ፈለገ፣ አጣው፤ ዓይኑን አጠበበ።
ከታች ሰዓት፣ ከጎን ሜትር። ቀስ ብሎ አነበበ።
«ይሄማ ባሕሩ ነው! የእኛው ሙላትና ጉድለት ነው፤
አናቱ ላይ እዪው፣ ወዲያው አይመለስም፣ ያመነታል፤ ይኸው።
ደግሞ ተሳስቷል ልጁ። ከሙላት እስከ ሙላት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ይዟል፤
ዐሥራ ሁለት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በዚህ የሚወጣ ሰው አሸዋ ላይ ይቀራል።»

ኢሪያ አየችው። አባቷን። ስድስተኛ ክፍል ያቆመውን።
«ታዲያ የት ጋ ነው የሚታረመው?» አላት፤ ቀመሩን ከፍታ ሰጠችው።
ወፍራም ጣቱ አንድ ቁልፍ ሲሻ ሁለቱን እየነካ፣
ሰረዙ፣ ደለዙ፤ እኔ በመሃል ለሌላ ሰው ሙጫ ሸጥኩ፣ የመጠቅለያ ወረቀት ስለካ።
መስመሩ እንደ አዲስ ተሣለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየዘገመ፣
የሞተችው መስመር ጋ ጠፋ፤ ማዶ ብቅ ብሎ ቆመ።

ሃያ አምስት ዩሮ ቆጠረልኝ፣ ግማሹ ሳንቲም ነበር፤
ከሳንቲሙ መሃል ያ ቅርፊት ወድቋል፤ አብሬ አስገባሁት፣ ሳልናገር።
ባትሪውን መረቅሁላቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤
አልመረቅሁም። ሦስት ዩሮ ከሃምሳ ተቀበልኩ፤
ጉድለት እኔም አለብኝ፤ በእኔም ሱቅ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ልጅቷም በሩ ላይ ዞር ብላ፣
ባለ ቀለሙን አየችው። አንዴ።
ከዚያ ያችን አሮጌ ዕቃ ከሹራቧ ሥር ከተተች፣
ዝናብ ጀምሮ ነበርና።