ባለ ሦስት እጥፍ ወረቀት

ጽሕፈት ቤቱ አዘዘኝ፣ ቀለል ያለ ነገር፣
ባለ ሦስት እጥፍ ወረቀት፣ ስለዚች አገር፤
«ስም፣ ዓመት፣ ርቀት በኪሎ ሜትር፤
ፎቶ ካለ ፎቶ። ሌላ አይጨመር።»

የናዚፍን ባጃጅ ለአንድ ቀን ይዤ፣
ደብተሬን ከዝናብ በፌስታል ጋርጄ፣
ሽቅብ ወደ ጅሬን። ሞተሩ ያስላል፤
«ውረጂ፣ ዳገቱ ከብዶታል» ይለኛል።
ወርጄ ገፋሁት። (ይህ ግን አይጻፍም፤
የእንግዳ ጫማ ጭቃ አይለምድም።)

የአባ ጅፋር ደጅ ላይ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ፣
አባ ራያ ጠበቀኝ፣ በካፊያው አቀርቅሮ።
«አራተኛዋን እርከን አትርገጪያት» አለኝ፣
«ትጮሃለች።» ረገጥኳት። ጮኸች። ገላመጠኝ።
«አባቴ ዘብ ሆኖ ሲያንቀላፋ ማታ፣
ሌባ ሲረግጣት ነበር የሚነቃው ባንድ አፍታ፤
ሊያድሷት መጥተው ነበር ባለ መዶሻዎች፣
ምስማሩን ደበቅሁት፤ ይኸው ትጮሃለች።»
ጻፍኩ፦ «ደረጃ፣ የእንጨት። ዕድሜው ከመቶ ያልፋል።»
ጩኸት ግን በየትኛው እጥፍ ላይ ይጻፋል?

ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ፣ «አትንኩ» ከሚል ጽሑፍ ሥር፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ፣ ክቡር።
ወለል የምትወለውል ነፊሳ ሳቀችብኝ፦
«የዚችን ታላቅ እህት ቤቴ መጥተሽ እይልኝ፤
ልጄ መብራት ሊያጠፋ ቆሞባት ወደቀ፣
እሷ ምንም አልሆነች፤ ጥርሱ ነው የወለቀ።»

ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ጣሊያን ትቶት የሄደ ሰገነት፣
ከሥሩ ጫማ ሰፊ፣ ጉቶውን የተከለበት።
«መቼ ነው የተሠራ?» ብለው፣ ክሩን ሰም እያስነካ፣
«እኔ ዓመቱን አላውቅም፤ ጥላውን ነው የምለካ፤
ጠዋት እስከዚች ድንጋይ፣ ከሰዓት እስከ ቦዩ፤
ይህን ጻፊላቸው፣ ሲመጡ እንዲያዩ።»

ቦዬ ደረስን ሲመሽ፣ ጉማሬ ልናይ ብለን፣
ሰዓት ሙሉ ቆምን፣ ደንገሉን እያየን።
ውሃው ዝም። አንድ ወፍ። ሌላ ውሃ። ዝም።
ቄጤማ የምታጭድ ልጅ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ፣
«ትናንት እዚህ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል፣ ዓይኗን ሳታነሳ፤
«ነገም አይጠፋም።» — «ዛሬስ?» — «ዛሬማ
አንቺ መጣሽ፤ የዚህን የባጃጅ ጩኸት ሰማ።»
ናዚፍ ተቀየመ። እኔ ጻፍኩ፦ «ጉማሬ። አንዳንዴ።»

አዌቱን ስንሻገር «አቁምልኝ» አልኩት።
«ምን አለ እዚህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁለት።
ድልድይ ነው። ከሥሩ ጎርፍ፣ የተጣለ ጎማ።
አባቴ እዚህ ጋ ነው እጄን የለቀቀው፣
«ትምህርት ቤቱ ያውልሽ፤ ለብቻሽ ሂጂ» ያለው።
ዞሬ ሳየው ቆሟል፣ ጃንጥላውን ዘግቶ፣
ፊቱ እንዳይሰወረኝ፣ ዝናብ ውስጥ ገብቶ።
ስም፦ የለውም። ዓመት፦ አንደኛ ክፍል።
ርቀት፦
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ አልጽፍ አለኝ።

ሰኞ አስረከብኩ። አለቃዬ መነጽሩን ጠረገ፣
በቀይ እየሰረዘ ገጹን ሁሉ አደረገ
እንደ ፈንጣጣ ፊት።
«ጥርስ? ጥላ? የምትጮህ እንጨት? ምንድን ነው ይህ ሁሉ?»
ስም፣ ዓመትና ርቀት ቀሩ፤ ሌሎቹ ተነቀሉ።

ታተመ። ያምራል። ሲታጠፍ ኪስ ይገባል።
ካርታው ላይ ግን አንዲት ነጥብ፣ አዌቱ ድልድይ ጋ፣
የዝንብ ኩስ መስላቸው፣ ማንም ሳይፍቃት ዘለቀች።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ፣ ከመቀሌ የመጣ፣
ጣቱን ነጥቧ ላይ አኑሮ «ይህስ?» ብሎት ለናዚፍ፣
ናዚፍ ወሰደው።
ምን እንዳሳየው ብጠይቀው አልነገረኝም።
«አሥር ደቂቃ ቆመ» ብቻ አለኝ፤ «ከዚያ ሃምሳ ብር ሰጠኝ፣»
ቆጥሮም
ግማሹን በመዳፌ አኖረልኝ።