ውሃ ልክ

ኮዬ ፈጬ ላይ ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው፤
ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧውን ሲያስለው፣ አየሩን ሲያወጣው፣
ባልዲው፣ ሳፋው፣ ጄሪካኑ ሁሉ
በጨለማ እየተጋጩ ደረጃ ይወርዳሉ።
እኔም ሁለቱን ሞልቼ፣ አምስተኛ ፎቅ አድርሼ፣
እቆማለሁ ለጸሎት፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ።
ክንዴ ይንቀጠቀጣል።
እግዜር ይህን መንቀጥቀጥ ፈሪሃ ብሎ ይይዘው ይሆን
ወይስ አርባ ሊትሩን ያያል?
እሱ ያውቃል።
እኔ ግን አሳጥራለሁ፤
የአሥራ አንዱ አውቶቡስ ካመለጠኝ ከሰልፉ ጭራ እቀራለሁ።

ምሥራቅን ማግኘት ለኔ ቀላል ነው፤
የተማርኩት ቅየሳ ነው።
ኮረብታ ብታሳየኝ ከፍታውን እነግርሃለሁ፤
ሁለት ነጥብ ስጠኝ፣ ሦስተኛውን አገኝልሃለሁ።
የራሴን መነሻ ግን... ከተመረቅሁ ሁለት ክረምት አለፈ፣
ችካሉን ማን ነቀለው? ምልክቱስ ወዴት ተገፈፈ?

ናሁሰናይ ካልጋው ሳይነሳ፣ «ነጩን ሸሚዜን ልበስ፤
ያንተ አንገትጌ ገና በር ላይ ያሳጣሃል፣ ወንበር ጋ ሳትደርስ»
ይለኛል፤
ደግሞ ይተኛል።

ሜክሲኮ። ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያው ተደራርቧል፤
የትናንቱ ሳይቀደድ የዛሬው ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤
«ቀያሽ፣ ልምድ ሦስት ዓመት።» «ቀያሽ፣ ልምድ አምስት።»
ሜትር የሚነሳው ከዜሮ ነው፤ እንዴት ረሱት?
ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ስድስት ገጽ አስነሳሁ፤
የምሳዬን ሳምቡሳ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ረሳሁ።
«እንደውላለን» አለችኝ ልጅቷ፣ ቀና ሳትል፤
ፋይሌን ከክምሩ አናት አኖረችው፣ ሊወድቅ ሲል።

ደረጃው ላይ አንድ ሰው ተጠጋኝ፦
«ሦስት ዓመት ልሽጥልህ፣ ከነማኅተሙ፣ ከነፊርማው፤
አራት ሺህ ብቻ» አለ፣ ማንም እንዳይሰማው።
አልገዛሁም። ጻድቅ ሆኜ አይምሰልህ፣ ወገኔ፤
አራት ሺህ ቢኖረኝ ኖሮ... አላውቅም እኔ።
አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቃሊቲ ሦስቱን ዓመት ኖርኩባቸው፤
ደመወዝ በላሁ፣ ለእናቴ ላክሁ፤
ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ጨረስኳቸው።

ከብሎኩ ጀርባ ሰው ቆሟል። ጋሽ ደገፋ፣ ጥበቃችን፣
ቦይ ይቆፍራሉ፤ ሸትቷል መንደራችን።
እጣቢው ግን አሻፈረኝ፤ ወደ ታች ሂድ ሲሉት
እትዬ አስካለች ደጃፍ ተመልሶ ይተኛል፣
እንደ እንግዳ የለመዱት።
ነጩን ሸሚዝ አውልቄ አጥር ሽቦ ላይ ሰቀልኩ፤
ከጋራዡ ልጅ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ለመንኩ።
ውሃ ሞላንበት። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ፤ ዝም አልን፤
ውሃው ወዝወዝ አለ፣ ቆመ፤ እኛም አብረነው ቆምን።
ውሃ ልምድ አይጠይቅም፤ ማኅተም የለው፣ ፊርማ፤
እዚህ ያለውን ያህል እዚያም ነው፤ ማንንም አያማ።
ከዚያ ልክ ተነስተን፣ ችካል በችካል፣ ጣት በጣት ዝቅ አልን፤
ሲጨልም በስልክ መብራት ቦዩን ጨረስን።
እትዬ አስካለች ባልዲ ደፉ። እጣቢው እያጉረመረመ
መንገዱን ከኔ ቀድሞ አገኘ፤ ሄደ፤ የትም አልቆመ።

ሰዉ አዋጥቶ ሦስት መቶ ብር ሰጠኝ።
አሥራቱ ሠላሳ ነው። የነገ መሳፈሪያም ሠላሳ። የቱ ይብለጠኝ?
አጥቢያችን ገና ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ወደ ግራ ዘሟል፤
ቄሰ ገበዙ አይተውት እንደሁ እንጃ፣ ዓይኔ ግን ለክቶታል።
ሸሚዙን አሸሁት፤ ክርኑ ላይ የጭቃ ጠብታ ቀረ፤
ናሁሰናይ «ቀጠሩህ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ማንኮራፋት ጀመረ።

ሠላሳዋን ነጥዬ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩ።
አወጣሁ። መልሼ አስቀመጥኩ።
ዘጠኝ ሰዓት። ቧንቧውን አሳለው።
ጄሪካኖቹን ይዤ ወረድኩ።