ጨው በዝቶታል

ሳትኺራ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ሞርጂና ከማሳው ጫፍ አፈር ቆነጠረች፣
ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ዓይኗን ጨፈነች፤
«ዛሬም ጨው በዝቶታል» አለች።

ወጥማ ቢሆን ኖሮ ውኃ ጠብ ይደረጋል፤
ውኃው ራሱ ጨው ሲሆን በምን ይቀጥናል?

አምና በዐውሎ ነፋስ ባሕሩ ግድብ ዘሎ
ሩዙ ላይ ሰነበተ፣ እንግዳ ነኝ ብሎ።
ሲወጣም ባዶ እጁን አልሄደም፤
የአፈሩን ጣዕም ይዞ ሄደ።

ከዚያ ባለ ሞተሩ ደብተር ይዞ መጣ፤
«ሩዝ እዚህ አከተመ፣ ሽሪምፕ ይሻላል» አለ።
የጎረቤት ማሳ ሁሉ ኩሬ ሆነ፣ ተከራየ፤
ባሏ ቶፋዞልም ጡብ ሊተኩስ ዳካ ኮበለለ።

ሽሪምፑ በረዶ ለብሶ፣ በሣጥን፣ በመርከብ፣
ስሙን ወደማታውቀው አገር ይሄዳል፣ ሰው ሊመግብ።
ለእሷ በዱቤ ግማሽ ኪሎ ሩዝ፣
ከነጠጠሩ።

ጓዳ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የአማቷ ቅል አለ፤
ጨው የሚችል ዘር፣ ነቀዝ ያስተረፈው።
እጀታው በወለቀ ባልዲ የዝናብ ውኃ አቆረች፣
ጭቃ ጨመረችበት፣
እፍኝ የማይሞላውን በጣቷ ቀበረች።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ጎንበስ አለች፤
ሰባት አገዳ።
ደግማ ቆጠረች።
ሰባት።