ቋሚ

ቡሬ ላይ፣ ዘይት ፋብሪካው፣ ከበሩ በስተግራ፣
ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ የጤና መድን ነው የኔ ሥራ።
ወንበሬ ጎማ አለው፣ ዞር ዞር ይልልኛል፤
ተቀምጬ ስውል መዝገቡ «ቋሚ» ይለኛል።

አንጓች ግን ከጀሪካን መክደኛው ማሽን ፊት ለፊት
ቆማ ነው የምትውል፣ ፈረቃ ሲዞርባትም ሌሊት፤
አራት ዓመት ቆማ፣ እግሯ አብጦ ጫማ እስኪጠባት ድረስ፣
«ጊዜያዊ» ናት እሷ፣ ውሏ በየአርባ አምስት ቀን የሚታደስ።

ሰኔ መባቻ ነው። መብራት ሄዶ መጣ።
ማሽኑ እንደ ደንባራ በቅሎ ሳይታሰብ ተቆጣ፤
ከግራ እጇ ጣቶች፣ ከትንሿ ቀጥሎ ያለውን
ነከሰው። ዘይቱ ላይ አየን ቀይ ጠብታውን።

ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደወሉ። ስልኩን አነሣሁ።
«ካርድ የላትም፤ ቋሚ ናት?» መዝገቡን ገለጥሁ።
«አይደለችም» አልሁ።
አንድ ቃል ናት። ዛሬም አልዋጥኋት፣
እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፤ እሷስ ቋሚ ናት።

የቀበሌው መድንስ? መታወቂያዋ የደንበጫ፤
እዚያ «ሄዳለች» ተባለች፣ እዚህም የላት መቀመጫ።

ሐሙስ ጧት አንማው መጣ፣ የቦይለር ሠራተኛው፣
ዝምተኛ፣ ቋሚ፣ «እንዴት አደርህ» የሚያስጨንቀው።
ቅጽ ሰባት ጠየቀ። «ጥገኛ» ከሚለው ዐምድ በታች
ፊደል በፊደል ጻፈ፦ «ባለቤት፣ አንጓች።»

«መቼ ነው የተጋባችሁ?»
«ትናንት» አለና የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት ዘረጋ፤
ምስክሮቹ ሁለት ጫኝና አውራጆች፣ አንደኛው በጣት አሻራ።
«ትወዳታለህ?» ልለው ነበር። ቅጹ ላይ የለም ጥያቄው።
«ጥገኛ» ነው የሚለው። ክዳኑን እሷ ካልገጠመችው
ዘይቱ በምን ይወጣል፣ የኔስ ወንበር በምን ይዞራል?
ማን ነበር ማንን የተጠጋ?

«ቀለበቱስ?» አልሁ፣ ለወጉ፣ ለሳቅ ያህል።
እጁን እያየ፣ «ጣቷ ሲሽር» አለ፣ «ያኔ ይደርሳል።»

መድኑ የሚጸናው ግን ከሐምሌ አንድ ነው፤ ዛሬ ሰኔ ሰባት።
ቁስል የቀን መቁጠሪያ አያውቅ። ማኅተሙን አነሣሁት፣
መልሼ አስቀመጥሁት፤ አለቃዬ ገና አልገባም።
«አረፍ በል» አልሁት፣ ወንበር እየሳብሁ።
አልተቀመጠም።

«ቆሜ እጠብቃለሁ» አለ።