ማሟሻ

ኡርፖ ካሮጌ አንሶላ ጨርቅ ይቆርጣል፣
ቴምብር አሳክሎ ጉልበቱ ላይ ይደረድራል።
ከካይኑ በስተሰሜን፣ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ መሬቱ ሳይቀልጥ፣
አዲሱ ጠመንጃዬ አሸዋ ከረጢት ላይ ተጋድሟል፤
አንድ ቃል አልወጣውም። አፉን እንደያዘ ውሎ አድሯል።

«አንዴ ትተኩሻለሽ፣ አንዴ ትወለውያለሽ፤
ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ መወልወል፣ አምስት ትደርሻለሽ፤
ከዚያ በኋላ ሦስት ሦስት። ብረት እንደ ሕፃን ነው፣
መጀመሪያ የቀመሰው ነው፣ ሲያረጅ የሚያገሳው።»

ካውኮ የመኪናው ኮፈን ላይ ጉብ ብሎ፣
ቋሊማ በሴንጢ እየላጠ፣ ሳቁን ለቆ፣ ተንከትክቶ፣
«ይሄ ጸሎት ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?» ይላል።
«የኔን ሠላሳ ዓመት ማን አሟሸው? ዝናብ አሟሽቶታል!
ገዛሁት፣ አነገትኩት፣ ጫካ ይዤው ገባሁ፤
የዚያኑ ለት ማታ የአጋዘን ጉበት ጠብሼ በላሁ።»

ኡርፖ አልመለሰም።
በቶርኖ ማሽን አርባ ዓመት ብረት የላጠ ሰው ነው፤
የወረቀት ፋብሪካው ሲዘጋ፣
«ከማሽኑ ጋር ተሸጥኩ» እያለ የሚያወራው።
ስል ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ጭረት፣
ዓይን የማያየውን፣ በጥፍሩ ያውቀዋል።
«ጉሮሮው ላይ» አለኝ፣ «ከቀለህ ቤቱ አልፎ፣
ጠመዝማዛው ቦይ ሲጀምር፣ እዚያ ይሻክራል።
እያንዳንዷ አረር ልሳው ነው የምታልፈው፤
ከገላዋ መዳብ፣ እንደ ቀረጥ፣ እየከፈለችው።»

ተኮስኩ።

ጉድጓዱ ጮኸ። ከጥዱ አመዳይ ረገፈ።
መዝጊያውን መዞ፣ ዘንጉን ከኋላ አሳለፈ፤
አንደኛዋ ጨርቅ ጥቁር፣ ሁለተኛዋ ግራጫ፣
ሦስተኛዋ ሰማያዊ፣ አረንጓዴም ነካ ያረጋት፣
የቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያረጀ መዳብ ይመስል።
«አየሽ» አለኝ። አየሁ። ምን እንዳየሁ ግን እንጃ።

ስድስተኛው ላይ ነው ካውኮ፣ አፉ ውስጥ ቋሊማ እያለ፦
«ሒሳብ ትችያለሽ አይደል? አረር በዚህች ቧንቧ
ሽው ብላ የምታልፈው በሰከንድ ሺሕኛ ነው።
ሦስት ሺሕ ጊዜ ተኩሰሽ ያረጃል፣ ይጣላል።
ይሄ ጠመንጃ እንግዲህ ሲወለድ ሲሞት፣
ሦስት ሰከንድ ይኖራል!
ሰውዬው ለሦስት ሰከንድ ነፍስ
ቀኑን ሙሉ ሞግዚት ሆኖ ይውላል።»

ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።
ዝምታችን ብቻ ከጠመንጃው ዕድሜ በለጠ።
ኡርፖ ጨርቋን ዘንጉ ጫፍ ላይ እያቆላለፈ፦
«ሦስት ከሆነችማ» አለ፣ «የመጀመሪያዋን ማን ያባክናታል?»

ካውኮ አልመለሰም። ከኮፈኑ ወረደ፤
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ
ዘንጉ እንዳይጎብጥ ያዘለት።

ሲመሽ፣ ጥይቱ ሲያልቅ፣ ወረቀቱን ነቅለን አየን፤
ሦስቱን ቀዳዳ አንድ ሳንቲም ይሸፍናቸዋል።
ኡርፖ ሳንቲሙን አስቀመጠ፣ ምንም አላለም።
ካውኮ፦ «ባይወለወልም ይሄንኑ ይመታ ነበር።»
ማን ያውቃል? እውነቱን ሊሆን ይችላል።
ሁለቱን መንገድ አስሂዶ የሚያስመሰክር ዳኛ የለም፤
አንድ አፈሙዝ
ሁለት ጊዜ አዲስ አይሆንም።

ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ስሰቅል
ከኪሴ አንዲት ጨርቅ ወደቀች፤
ግማሿ በመዳብ ሰማያዊ፣ ጥግዋ ላይ የሐምራዊ አበባ እኩሌታ።
አንሶላውን አወቅኩት። ኢርያ በሕይወት ሳለች፣
ሰኔ ላይ፣ ሌሊቱ አልጨልም ሲል፣
ከአጥራቸው ማዶ፣ ገመዱ ላይ፣
ነፋስ ሞልቶት አየው ነበር።